የድሮ ባለትራንዚስተር የጊታር አምፕሊፋየር ጥገና

ባለትራንዚስተር የጊታር አምፕሊፋየር ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በቫኩም ቱቦ ፈንታ በትራንዚስተር አጉልቶ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር «ሶሊድ ስቴት» ይባላል። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ተሠርተው ዛሬ በሁለተኛ እጅ የሚሸጡትን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

እንዲህ ያለ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ብዙ ሰው «ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ትራንዚስተር ግን በዕድሜ ብቻ ቶሎ የሚደክም ክፍል አይደለም። ቀድመው የሚደክሙት አየር የሚያገኛቸው የብረት መነካኪያዎች፣ በንዝረትና በሙቀት የሚሰነጠቅ ብየዳ፣ እንዲሁም ውስጡ ፈሳሽ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ናቸው። የኃይል ትራንዚስተር በእርግጥ ተቃጥሎ ሲገኝም ብዙ ጊዜ ያቃጠለው ሌላ ምክንያት አለ። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ቢገጠም አዲሱም በሰከንድ ክፍልፋይ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ከትራንዚስተሩ በብዙ እጥፍ የሚወደደውን ስፒከር ይዞ ይሄዳል።

አመጣጥ

ትራንዚስተር በ1947 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተፈጠረ። የጊታር አምፕሊፋየር ሠሪዎች በብዛት ወደ እርሱ የዞሩት ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ፌንደር በ1965 ለሲቢኤስ ከተሸጠ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ባለትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች በ1966 ለገበያ አቀረበ። ቶሎ ቶሎ በመበላሸት ስማቸው ስለጠፋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከምርት ወጡ። በካንሳስ ግዛት በቻኑት ከተማ የተመሠረተው ከስተም እንደ ሶፋ የተሰፋ የሚያብረቀርቅ ቪኒል የለበሱ አምፕሊፋየሮቹ መለያው ሆኑ። በ1965 በሚሲሲፒ ግዛት በሜሪዲያን ከተማ የተቋቋመው ፒቪ ደግሞ ጠንካራና ርካሽ ዕቃ በማምረት ታወቀ። የጃፓኑ ሮላንድ በ1975 ያወጣው ጄሲ-120፣ ወይም «ጃዝ ኮረስ»፣ እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት ማጉያዎችና ሁለት ባለ12 ኢንች ስፒከሮች አሉት። ባለትራንዚስተር ድምፅ የራሱ ውበት እንዳለው ብዙዎችን ያሳመነ መሣሪያ ነው።

ሰብሳቢዎች ባለቱቦውን ስለሚመርጡ ባለትራንዚስተሩ ዛሬም በአንጻራዊ ርካሽ ዋጋ ይገኛል። ለተማሪ የሚጠቅመው ግን ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያሉት ክፍሎች ትልልቅ ናቸው፣ ቦርዱ ላይ ያለው መስመር በዓይን ይታያል፣ ብዙዎቹ ትራንዚስተሮችም ምትክ አላቸው። ዛሬ የሚሠሩ ርካሽ አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው ጥቃቅን ክፍሎች ቦርዱ ላይ የተለጠፉባቸው ስለሆኑ በተራ መበየጃ ለመጠገን ያስቸግራሉ።

ከመሰካት በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ አምፕሊፋየሩ ለስንት ቮልት ተሠራ የሚለው ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልት፣ ለጃፓን የተሠራው በ100 ቮልት ይሠራል። በኢትዮጵያ ያለው መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ አምፕሊፋየር በቀጥታ ቢሰካ፣ ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ብቻ ይበጠሳል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ መነበብ አለበት። የቮልት መምረጫ ካለውም የት ላይ እንደቆመ መታየት አለበት። መምረጫ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የዚህም አቅም አምፕሊፋየሩ ላይ ከተጻፈው የኃይል ፍጆታ በደንብ መብለጥ ይኖርበታል። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከተለመደው በላይ እንደሚሞቅም መታወስ አለበት።

ቀጥሎ ፊውዙ ወጥቶ ይታያል። በፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ወረቀት ወይም የመዳብ ክር ከተገኘ የቀድሞው ባለቤት የሚበጠስ ፊውዝ አስቸግሮት ነበር ማለት ነው፤ ውስጡም ሾርት እንዳለ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። የፊውዙ መስታወት ውስጡ ጠቁሮ ወይም ብር መስሎ ከተለበጠ ከባድ ሾርት ደርሶበታል። ክሩ በመሐል ብቻ ተበጥሶ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ግን ፊውዙ በእርጅና የተበጠሰ ሊሆን ይችላል።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ የአሜሪካ አምፕሊፋየሮች ባለሁለት እግር ስፒና አላቸው። የመሬት ሽቦ ስለሌላቸው ከመስመሩ ወደ ብረት አካሉ፣ ማለትም ወደ ሻንሲው፣ አንድ ካፓሲተር ተዘርግቶላቸዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ «ግራውንድ» የሚል ማብሪያ ካፓሲተሩን ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ሽቦ ያዞረዋል። ጠጋኞች ይህን ክፍል «የሞት ካፓሲተር» ይሉታል፤ ስሙም የተጋነነ አይደለም። የጊታሩ ክር በገመዱ በኩል ከሻንሲው ጋር የተገናኘ ስለሆነ ካፓሲተሩ ሾርት ካደረገ ፌዙ በቀጥታ ክሩን ወደያዘው እጅ ይመጣል። ተጫዋቹ በዚያው ሰዓት ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ካስጠጋ ዑደቱ በሰውነቱ በኩል ይዘጋል። መፍትሔው ካፓሲተሩን ቆርጦ ማውጣት፣ ባለሦስት ገመድ ስፒና መግጠምና የመሬት ሽቦውን ለብቻው በተሰጠው ብሎን ሻንሲው ላይ ማሰር ነው። ፊውዙና ማብሪያው በፌዙ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። የቤቱ ሶኬት ራሱ የመሬት መስመር ከሌለው ግን ባለሦስት ገመዱ ብቻውን አያድንም።

ሽፋኑ ሲከፈት

ባለትራንዚስተር አምፕሊፋየር እንደ ባለቱቦው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በውስጡ ስለማያከማች ብዙዎች አደገኛ አይመስላቸውም። ነገር ግን ማብሪያው፣ ፊውዙና የትራንስፎርመሩ መግቢያ የመስመሩን 220 ቮልት ሙሉ ይሸከማሉ። ትልልቆቹ የማጣሪያ ካፓሲተሮችም መሣሪያው ከተነቀለ በኋላ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እነርሱን በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ የተለመደ ግን መጥፎ ልማድ ነው፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ቦርዱንም ይጎዳል። በምትኩ 1000 ኦምና 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በሁለቱ እግሮቹ መካከል ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዛል፤ ከዚያም በቴስተር ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው መመርመሪያ ዓይንና አፍንጫ ናቸው። ጠቁሮ የተሰነጠቀ ሬዚስተር፣ አናቱ ያበጠ ወይም ከሥሩ ፈሳሽ ያነባ ካፓሲተር፣ ሽቦው የላቀ ጃክ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የነካካው ብየዳ፣ ሁሉም ታሪክ ይናገራሉ። የሰው እጅ የገባበት አምፕሊፋየር ካልተነካው ይልቅ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ብልሽት ላይ የጠጋኙ ብልሽት ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከብዙ አቅጣጫ ፎቶ ማንሳት ኋላ ላይ «ይህ ሽቦ የት ነበር?» ከሚል ጭንቀት ያድናል።

የአምፖል መከላከያ

አምፕሊፋየሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት አይመከርም። ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ ባለክር አምፖል ከፌዙ መስመር ጋር በተከታታይ ይገባል። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ሙሉ ብርሃን እየሰጠ ኃይሉን በራሱ ላይ ያስቀራል፤ ፊውዝም ትራንዚስተርም አይቃጠልም። ሾርት ከሌለ አምፖሉ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ድረስ ለአፍታ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ጥቅም ላይ ከዋለ ባለ220 ቮልቱ አምፖል ከትራንስፎርመሩ በፊት ይገባል።

ኤልኢዲ እና «ኢኮኖሚ» የሚባሉት አምፖሎች ለዚህ አያገለግሉም። የሚፈለገው ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚጨምር የተንግስተን ክር ነው። ባለክር አምፖል ከሱቅ እየጠፋ ስለሆነ ሲገኝ ሁለት ሦስቱን ገዝቶ ማስቀመጥ አይከፋም። በአምፖሉ በኩል እየሠራ ያለ አምፕሊፋየር ሙሉ ኃይል ስለማያገኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ መፈተሽ ትርጉም የለውም።

ድምፅ የሌለው ወይም የሚቆራረጥ አምፕሊፋየር

ኃይል እየገባ ድምፅ ከሌለ ሥራው መሣሪያውን ለሁለት ከፍሎ ጥፋቱ የትኛው ግማሽ ውስጥ እንዳለ ማወቅ ነው። የጊታር አምፕሊፋየር የድምፅ ቃና የሚያስተካክል ቅድመ ማጉያና ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ የኃይል ማጉያ አለው። ብዙዎቹ በሁለቱ መካከል ለድምፅ ማሻሻያ መሣሪያ የሚያገለግሉ «ሴንድ» እና «ሪተርን» የሚባሉ ጃኮች አሏቸው። ከስልክ ወይም ከሙዚቃ ማጫወቻ የሚወጣ ምልክት በዝቅተኛ ድምፅ ወደ «ሪተርን» ሲገባ ስፒከሩ ከጮኸ የኃይል ማጉያው ደህና ነው።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ብልሽት አለ። በ«ሪተርን» ጃክ ውስጥ ምንም ገመድ ሳይሰካ ምልክቱን የሚያሳልፍ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። ለዓመታት ማንም ሳይጠቀምበት ስለሚቆይ ዝገት ይይዘውና ምልክቱን ያቋርጣል። አምፕሊፋየሩ ድምፁ ይጠፋል፣ ይሳሳል፣ ወይም በጡጫ ሲመታ ብቻ ይመለሳል። በአጭር ገመድ «ሴንድ»ን ከ«ሪተርን» ጋር ማገናኘት ድምፁን ከመለሰ ጥፋቱ ተገኝቷል ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክስ መነካኪያ ማጽጃ ረጭቶ ስፒናውን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ብቻ ሊበቃው ይችላል። «ተቃጥሏል» ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ዕቃ ጥቂት የማይባለው ይህ ብቻ ያለበት ነው፤ ስለዚህ ገዢ አጭር ገመድ ይዞ ቢሄድ አይከስርም።

ቮሊየሙ ሲዞር የሚንጣጣ ከሆነም ያው ማጽጃ በፖቴንሽዮሜትሩ ቀዳዳ ይረጫል። ለመኪናና ለማጠፊያ የሚሸጠው ተራ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ግን ውስጡ አቧራ የሚሰበስብ ቅባት ስለሚተው ለዚህ አይመረጥም። ከጸዳ በኋላም መንጣጣቱ ካልቆመ ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ቀጥተኛ ጅረት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል፤ በፖቴንሽዮሜትሩ ላይ በቴስተር ቀጥተኛ ቮልት ከተለካ መቀየር ያለበት ካፓሲተሩ ነው።

ስፒከርና ማጉያ በአንድ ሳጥን በሆኑበት አምፕሊፋየር ቦርዱ በየጨዋታው ይንቀጠቀጣል። ከባድና ትኩስ ክፍሎች በተያዙበት እግር ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ በአጉሊ መነጽር ይታያል። አሮጌውን ሊድ መጦ አዲስ መበየድ ያስፈልጋል። ከላዩ ላይ ጨምሮ ማሞቅ ብቻ ለጊዜው እንጂ አይዘልቅም።

ድምፁ ከሳሳና ከተሰነጠቀ የቅድመ ማጉያው ኃይል መለካት አለበት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሠሪዎች 4558 የሚባለውን ባለ8 እግር ሰርኪዩት ተጠቅመዋል። በ8ኛው እግር ላይ ፖዘቲቭ፣ በ4ኛው ላይ ኔጌቲቭ፣ አብዛኛውን ጊዜ 15 ቮልት ገደማ ሲገኝ በመውጫዎቹ በ1ኛውና በ7ኛው ላይ ወደ ዜሮ የቀረበ ቮልት መኖር አለበት። ከሁለቱ ኃይሎች አንዱ ከጎደለ ሰርኪዩቱን ከመቀየር በፊት ቮልቱን የሚቀንሰው ትኩስ ሬዚስተርና ዜነር ዳዮዱ ይታያሉ። መውጫው ወደ አንዱ ኃይል ተጣብቆ ከቀረ ግን ሰርኪዩቱ ራሱ ሳይሞት አይቀርም።

ጉርምርምታ

የጉርምርምታው ውፍረት ምንጩን ይጠቁማል። ከማጣሪያ ካፓሲተር መድረቅ የሚመጣው በ50 ኸርዝ መስመር ላይ 100 ኸርዝ ሆኖ ይሰማል፤ ኃይል ማስተካከያው ዳዮድ የመስመሩን ሁለት ጎኖች ስለሚጠቀም ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ከመሬት ሽቦ መላቀቅ ወይም ከጊታር ገመድ መሸፈኛ መበጠስ የሚመጣው ግን ከታች ከ50 ኸርዝ ይጀምራል። ቮሊየሙ ወደ ዜሮ ሲወርድ የሚጠፋ ጉርምርምታ ከቮሊየሙ በፊት፣ የማይጠፋው ደግሞ ከቮሊየሙ በኋላ ወይም ከኃይል ክፍሉ የመጣ ነው።

የማጣሪያ ካፓሲተር ሲቀየር የአዲሱ ቮልት ከአሮጌው ማነስ የለበትም፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም መለዋወጥ የለበትም፣ ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር ይፈነዳል። አንዳንዶች በአሮጌ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለውን ካፓሲተር ሁሉ በጅምላ ይቀይራሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በየብየዳው የቦርዱ መዳብ ሊላጥ ይችላል፣ ደህና የነበረው መሣሪያም አዲስ ጥፋት ይዞ ይወጣል። የኃይል ማጣሪያዎቹንና ተለክተው የደከሙትን ብቻ መቀየር ይሻላል።

የኃይል ማጉያው

ይህ ክፍል ችኮላ የማይወድ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተለመደው የኃይል ትራንዚስተር ቲኦ-3 የሚባል፣ ባለሁለት እግር፣ ሞላላ የብረት ቆብ ያለው ነው፤ ታዋቂው 2ኤን3055 ነው። የብረት ቆቡ ራሱ የትራንዚስተሩ ኮሌክተር ስለሆነ ከአሉሚኒየሙ የሙቀት ማስወጫ ጋር እንዳይነካካ በሚካ ቅጠል ይለያል። በአንዳንድ የድሮ መሣሪያዎች መለያው ነጭ የቤሪሊየም ኦክሳይድ ሴራሚክ ሊሆን ይችላል፤ ዱቄቱ ለሳንባ መርዝ ስለሆነ አይሰበርም፣ አይፋቅም።

ትራንዚስተሩ ከቦርዱ ተለይቶ በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ ሲፈተሽ የሲሊከን ከሆነ ከቤዝ ወደ ኤሚተር ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት፣ የጀርማኒየም ከሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ ያሳያል። በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ዜሮ አካባቢ ከታየ ሾርት አድርጓል። በዚህ ጊዜ እርሱን ብቻ ቀይሮ ማብራት የተለመደው ስሕተት ነው። ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ ከኤሚተሩ ጋር የታሰረው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኦም በታች የሆነው ሬዚስተር ይበጠሳል፤ ከኋላው የሚነዱት ትናንሾቹ ትራንዚስተሮችም ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሁሉም አንድ በአንድ መለካት አለባቸው። የግራና የቀኝ ጥንድ አብረው ይቀየራሉ።

ዳዮድ ወይም ትንሽ ትራንዚስተር በሙቀት ማስወጫው ላይ ተለጥፎ ከተገኘ እንደ ጌጥ መታየት የለበትም። የኃይል ትራንዚስተሮቹ ሲሞቁ ጅረታቸውን የሚቀንሰው እርሱ ነው። ተላቆ በአየር ላይ ከቀረ ትራንዚስተሮቹ እየሞቁ በሄዱ ቁጥር ብዙ ጅረት ይስባሉ፣ ብዙ ጅረት በሳቡ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃሉ፣ መጨረሻው መቃጠል ነው። አንድ አምፕሊፋየር ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ደጋግሞ ትራንዚስተር የሚበላ ከሆነ ይህ ክፍል መጠርጠር አለበት።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ስፒከሩ ተነቅሎ፣ አምፖሉ በመስመሩ ላይ እንዳለ፣ በስፒከር መውጫው ላይ ቀጥተኛ ቮልት ይለካል። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኃይል ያለው ማጉያ ከስፒከሩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ መውጫው ዜሮ አካባቢ፣ ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ሊሆን ይገባል። አንድ ኃይል ብቻ ያለው የቀደመው ዓይነት ደግሞ ከስፒከሩ በፊት ትልቅ ካፓሲተር አለው፤ ከካፓሲተሩ በፊት ያለው ነጥብ የኃይሉን ግማሽ ያህል፣ ለምሳሌ በ80 ቮልት ላይ 40 ቮልት፣ ማሳየት አለበት። በመጀመሪያው ዓይነት መውጫው ላይ 30 ወይም 40 ቮልት ከተገኘ ስፒከር ማገናኘት የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ በጥቂት ሰከንድ ማቃጠል ነው። ባለቱቦ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ሲሠራ ሊጎዳ ስለሚችል ይህን መለኪያ የሚፈሩ አሉ፤ ባለትራንዚስተሩ ግን በአብዛኛው ያለ ስፒከር መብራቱ አይጎዳውም። የሚጎዳው ከተፈቀደለት በታች ኦም ያለው ስፒከር ነው፤ 4 ኦም ዝቅተኛው ከሆነ ሁለት ባለ4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ማሰር ጭነቱን ወደ 2 ኦም ያወርደዋል።

ምትክ ትራንዚስተር

በገበያ ላይ የታዋቂ ትራንዚስተሮች አስመስሎ የተሠራ ቅጂ ሞልቷል። ከቆቡ በታች ያለው ሲሊከን ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ስለሆነ በቴስተር ደህና መስሎ ከጭነት ጋር ወዲያው ይፈነዳል። ዋጋው ከሚገባው በታች ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። እውነተኛውም ቢሆን ከአሮጌው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 2ኤን3055 ቀርፋፋ ነበሩ፣ የድግግሞሽ አቅማቸው ከ1 ሜጋ ኸርዝ በታች ነበር። በሌላ ዘዴ የሚመረቱት የኋለኞቹ ከ2.5 ሜጋ ኸርዝ በላይ ይደርሳሉ። ለቀርፋፋው የተነደፈ ዑደት ፈጣኑን ሲያገኝ ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ራሱን እያወዛወዘ ያለምንም ሙዚቃ ሊግል ይችላል። ከጥገና በኋላ ሳይጫወት የሚሞቅ አምፕሊፋየር ለዚህ በኦሲሎስኮፕ መታየት አለበት።

ስፒከርና ሪቨርብ

8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር 6 ወይም 7 ኦም ያሳያል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ምንም ካላሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል። ኮኑ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ሲገፋ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ጥቅሉ ከመስመሩ ወጥቷል ወይም በሙቀት ተጣሟል።

ሪቨርቡ ከሳጥኑ ግርጌ በተቀመጠ የስፕሪንግ ሣጥን የሚሠራ ሲሆን አምፕሊፋየሩ ሲነቀነቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ካሰማ የመቀበያው ወገን ይሠራል፤ ጥፋቱ የመላኪያው ጥቅል ወይም እርሱን የሚነዳው ክፍል ነው። ነጎድጓዱም ከሌለ በመጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ የሣጥኑ ገመዶች ናቸው፤ ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነው የጥቅሉ ሽቦ ከጫፉ መበጠሱ ይፈተሻል።

የመጨረሻው ፈተና አምፖሉ ወጥቶ፣ ትክክለኛው ፊውዝ ገብቶ፣ በማይቆጭ ስፒከር ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማጫወት ነው። በየአሥር ደቂቃው የሙቀት ማስወጫው በእጅ ይነካል፣ የመውጫው ቀጥተኛ ቮልትም ይለካል። ሞቆ የሚዋዥቅ ቁጥር ካለ አምፕሊፋየሩ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ የራሱ ስፒከር የሚገናኘው ቁጥሩ ከረጋ በኋላ ነው።